ገደል ማሚቶን ማረም

ገደል ሥር ቆሞ አንዴ ተጣርቶ ዝም ላለ ሰው ማሚቶ ደስታ ነው። ሳያቋርጥ ለሚናገር ግን መከራ ነው፤ የቀደመው ቃል ተመልሶ በሚቀጥለው ላይ ይወድቅበታል። በአየር የሚላክ መልእክት ሁሉ ይህ ጣጣ አለበት። ሞገዱ በቀጥታ ይደርሳል፤ ከሕንፃና ከተራራ ተላትሞም ዘግይቶ ይደርሳል። የተደራረበውን መልሶ የማቃናት ጥበብ ኢኳላይዜሽን ይባላል። ታሪኩ የሚጀምረው ግን ከአየር ሳይሆን ከባሕር ወለል ነው።

እ.ኤ.አ. በ1858 አየርላንድንና ኒውፋውንድላንድን የሚያገናኝ የቴሌግራፍ ገመድ በአትላንቲክ ሥር ተዘረጋ። የንግሥት ቪክቶሪያ የ98 ቃላት መልእክት 16 ሰዓት ገደማ ፈጀ። ወደ ገመዱ የገባ አጭር ምት ሰፍቶና ተዘርግቶ ይወጣ ስለነበር የአንዱ ጭራ የሌላውን ራስ ይሸፍናል። በሙያው ሐኪም የነበረው የኩባንያው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ዋይልድማን ኋይትሃውስ፣ መድኃኒቱ ጉልበት ነው ብሎ 2,000 ቮልት ገደማ ለቀቀበት። ገመዱ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሞተ። (ለፍርድ ያህል፣ ገመዱም ከመነሻው ደኅና ሆኖ የተሠራ አልነበረም።) የግላስጎው ፕሮፌሰር ዊልያም ቶምሰን ግን የምልክቱን መስፋት አስቀድሞ በሒሳብ አስልቶ፣ እጅግ ደካማውን ምት በመስተዋት ነጸብራቅ የሚያሳይ መሣሪያ ሠርቶ ነበር። ለሚጮኽ ሰው ማሚቶውም አብሮ ይጮኽበታልና፣ መንገዱ የቶምሰን ነበር።

ከመቶ ዓመት በኋላ ኮምፒውተሮችን በስልክ መስመር ማገናኘት ሲጀመር ጣጣው ተመልሶ መጣ። እያንዳንዱ መስመር የራሱ ጠባይ አለውና አንድ ቋሚ ማስተካከያ ለሁሉም አይበቃም። በቤል ላብራቶሪ ይሠራ የነበረው ሮበርት ላኪ እ.ኤ.አ. በ1965 የመስመሩን ጠባይ ተምሮ ራሱን የሚያስተካክል ኢኳላይዘር አቀረበ።

እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን እ.ኤ.አ. በ1991 ፊንላንድ ውስጥ አገልግሎት የጀመረውና በ1999 አዲስ አበባ የደረሰው የጂ.ኤስ.ኤም. ስልክ ብልሃት ነው። ስልኩ መልእክቱን 148 ቢት በያዙ ጥቅሎች ቆራርጦ ይልካል። ከነዚህም መካከል ላይ ያሉት 26ቱ አንዳች ወሬ አይናገሩም፤ ተቀባዩ አስቀድሞ በቃሉ ያውቃቸዋል። ተዛብተው ሲደርሱት ከሚያውቀው ጋር ያስተያይና የማሚቶውን መልክ ይረዳል፤ በዚያም ግራና ቀኙን ያቃናል። ስለ ምን መካከል ላይ ሆኑ? ስልኩ በሚሮጥ መኪና ውስጥ ሊሆን ይችላል፤ ማሚቶው በየቅጽበቱ ይለዋወጣል፤ መካከል ደግሞ ለሁለቱም ጫፍ ቅርብ ነው።

አንዷ ቢት 3.7 ማይክሮ ሰከንድ ገደማ ትቆያለች፤ በዚህች ጊዜ ሞገዱ 1.1 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ማሚቶው አራት ቢት ያህል ቢዘገይ ተቀባዩ የሚመረምረው 16 አማራጭ ነው፤ ይቻላል። ብሮድባንድ ሲመጣ ግን ፍጥነቱ ራሱ ጠላት ሆነ። በሰከንድ 20 ሚሊዮን ምልክት ቢላክ ያው የአንድ ኪሎ ሜትር ማሚቶ ከ60 በላይ ምልክቶችን ያዳርሳል፤ አማራጮቹም ቢሊዮን በቢሊዮን ተባዝቶ ከሚገኘው ይበልጣሉ። ይህን የሚችል መሣሪያ የለም።

መውጫው አንዱን ፈጣን ጅረት ወደ ብዙ ዘገምተኛ ጅረቶች መክፈል ሆነ። ዋይንስታይንና ኢበርት እ.ኤ.አ. በ1971 ይህን በሒሳብ ስሌት ማከናወን እንደሚቻል አሳዩ፤ ፔሌድና ሩዊዝ በ1980 የእያንዳንዱን ምልክት ጭራ ቀድተው ራሱ ላይ ቀጠሉበት። ማሚቶው በተቀጠለው ላይ ይወድቃል፤ የቀረው ንጹሕ ሆኖ በእያንዳንዱ ጅረት ላይ አንዲት ማባዛት ብቻ ትበቃዋለች። ዋጋው ግን ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው የዋይፋይ ደንብ ከ4 ማይክሮ ሰከንድ 0.8ቱ ለዚህ ይውላል፤ የአሥራት እጥፍ መሆኑ ነው።

ደግሞም ብዙ ጅረቶች አንድ ላይ ሲገጥሙ ኃይላቸው ድንገት ይንርና የስልኩን ባትሪ ይፈጃል። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2009 በስቶክሆልምና በኦስሎ በተጀመረው ኤል.ቲ.ኢ. ከጣቢያው ወደ ስልኩ የሚወርደው በብዙ ጅረት፣ ከስልኩ የሚወጣው በነጠላ ጅረት ሆነ። ከስልኩ የሚመጣውን ማሚቶ የማረሙ ድካምም ባትሪ ለማያሳስበው ለጣቢያው ተተወ።