ሲጋራና የአእምሮ ሕሙማን፤ ከሆስፒታል ሽልማት እስከ ስልክ ምክር

በአእምሮ ሕክምና ታሪክ ውስጥ ሲጋራ የሕሙማን ሱስ ብቻ ሳይሆን የሥርዓት ማስከበሪያ መሣሪያም ሆኖ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በአንዳንድ የአሜሪካ ሆስፒታሎች አልጋውን ያነጠፈ፣ ንጽሕናውንም የጠበቀ ሕመምተኛ ምልክት ይሰጠው ነበር፤ በምልክቱ ከሚያገኛቸውም ነገሮች አንዱ ሲጋራ ነበረ። ለጸጥታ ሲባል የተያዘው ልማድ ውሎ አድሮ እምነት ሆነ፤ ይኸውም ሲጋራ ለነዚህ ሰዎች መድኃኒታቸው ነው፣ ቢተዉት ይብስባቸዋል የሚል ነው።

እምነቱን ያጠናከሩት ግን የሕክምና ባለሙያዎች ብቻ አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ የሰነድ ምርመራ እንዳመለከተው፣ የትምባሆ ኩባንያዎች ሐሳቡን የሚደግፉ ጥናቶችን በገንዘብ ረድተዋል፤ በሆስፒታሎች ማጨስ እንዳይከለከል የተደረጉ ጥረቶችንም ደግፈዋል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካ ሆስፒታሎች ማጨስን ሲከለክሉ፣ የአእምሮ ሕክምና ክፍሎች በልዩ ሁኔታ እንዲታዩ ተደረገ። ዋጋው በዕድሜ ተከፈለ። ጽኑ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ከሌላው ሕዝብ ከ10 እስከ 20 ዓመት ቀድመው ይሞታሉ፤ ከምክንያቶቹም ዋነኛው በማጨስ የሚባባሰው የልብና የሳንባ በሽታ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1992 ካሊፎርኒያ ማጨስ ለሚተዉ ሁሉ ነጻ የስልክ ምክር ከፈተች፤ አሠራሩም በሌሎች ግዛቶች ተስፋፋ። ሆኖም ጽኑ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ስለ ማጨስ ማቆም ከሚደረጉት ጥናቶች ከብዙዎቹ ተለይተው ይቀሩ ነበር። በ2015 ውጤቱ የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት ግን 235 የሳይኮሲስ ሕመም ያለባቸውን አጫሾች ለሁለት ከፍሎ፣ አንዱን ወገን ፊት ለፊት፣ ሌላውን በአብዛኛው በስልክ መከረ። በሁለቱም ወገን ማጨስ ቀነሰ፤ በመካከላቸውም ጉልህ ልዩነት አልታየም።

ይሁን እንጂ ስልክ ሐኪምን አይተካም። የትምባሆ ጭስ ጉበት ክሎዛፒንንና ኦላንዛፒንን ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርጋል፤ ስለሆነም ማጨስ ሲቆም መድኃኒቱ በደም ውስጥ ይከማቻል፤ የሚወሰደው መጠን በጊዜው ካልተቀነሰም ሕመምተኛው ይጎዳል። በዚህም ምክንያት በስልክ የሚመክረው ባለሙያ ከሐኪሙ ጋር መገናኘት ግዴታው ነው።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ሕመምተኛው ማጨስ ሊተው አይችልም ተብሎ የተፈረደው ማንም ሳይጠይቀው ነበር፤ ደውሎ የጠየቀው ሲገኝ ግን መልስ ሰጠ።