«ጊቭ አፕ»፦ የአንዲት ጥንድ ቃል ታሪክ

«ጊቭ» መስጠት መሆኑን ገና በልጅነታችን እንማራለን። «አፕ» ወደ ላይ መሆኑንም እንዲሁ። ሁለቱ ሲጋጠሙ ግን «ወደ ላይ መስጠት» አይሆኑም። ጊቭ አፕ መማረክ ነው፤ ተስፋ መቁረጥ ነው፤ ሲጋራ መተው ነው፤ በአውቶቡስ ውስጥ ለአረጋዊ መቀመጫ መልቀቅም ነው። ጊቭ ኢን በጉትጎታ ብዛት መረታት ነው። ጊቭ አዌይ በነጻ ማደል፣ ምስጢር ማውጣት፣ ሙሽሪትን ለባሏ ማስረከብ ነው። ጊቭ አውት ማከፋፈል ነው፤ ደግሞም የጉልበት ወይም የሞተር መክዳት። ጊቭ ኦፍ ደግሞ ሽታ መልቀቅ። ግሱ አንድ ነው፤ ከኋላው የምትከተለው ሚጢጢ ቃል ናት ወደፈለገችው የምትነዳው።

ከእነዚህ ሁሉ እኔን የሚስበኝ የጊቭ አፕ ታሪክ ነው፤ ምክንያቱም ከቀደምት ምስክሮቹ አንዱ በእስር ቤት ደጃፍ ላይ ስለሚገኝ።

ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1139 ነው። የእንግሊዝ ንጉሥ እስጢፋኖስ ከአጎቱ ልጅ ከማቲልዳ ጋር በዙፋን ይናጠቅ ነበርና ታላላቆቹን ጳጳሳት ተጠራጠረ። በኦክስፎርድ ጉባኤ ላይ የሶልስበሪውን ጳጳስ ሮጀርን፣ የሊንከኑን ጳጳስ አሌክሳንደርንና ሌላውን ሮጀር፣ የመንግሥቱን ቻንስለር፣ አሰራቸው። አሌክሳንደር የጳጳሱ የሮጀር የወንድም ልጅ ነበር፤ ቻንስለሩም በይፋ እንዲሁ ይባል እንጂ ልጁ እንደሆነ ብዙዎች ያምናሉ። ጳጳሱ ሮጀር ተራ ሰው አልነበረም። በቀዳማዊ ሄንሪ ዘመን የመንግሥቱን ሒሳብ ቤት ያደራጀው እሱ ነው ይባላል። ሒሳቡ የሚሠራው እንደ ቼዝ ሰሌዳ ባለ አራት ማዕዘን ጨርቅ በለበሰ ጠረጴዛ ላይ ጠጠር መሰል መቁጠሪያዎች እየተደረደሩ ነበር፤ የእንግሊዝ ገንዘብ ሚኒስቴር «ኤክስቼከር» የሚባለውም ከዚያ ጨርቅ የተነሣ ነው። (ቀኑን ሙሉ ከባንክ መስኮት ኋላ ገንዘብ ለሚቆጥር ሰው ይህን ሳይጠቅሱ ማለፍ አይቻልም።) የዘመኑ ጸሐፊዎች እንደሚሉት የዲቫይዝስ ምሽግ ደጁን አልከፍትም ባለ ጊዜ የቻንስለሩ አንገት ገመድ ገብቶበት በሩ ፊት ቆመ። ምሽጉም ተለቀቀ። አዛውንቱ ሮጀር ሀብቱንና ሥልጣኑን አጥቶ በዚያው ዓመት መጨረሻ ሞተ።

ይህን ነገር በእንግሊዝኛ የጻፈልን አንድ የፒተርበሮ ገዳም መነኩሴ ነው፤ የጻፈውም በ1155 ገደማ። ከ1066 የኖርማኖች ድል ወዲህ መንግሥቱ በላቲን፣ መኳንንቱ በፈረንሳይኛ ሲገለገሉ፣ ያ ገዳም ብቻ ዜና መዋዕሉን በሕዝቡ ቋንቋ ይቀጥል ነበር። መነኩሴው ዓመቱን አሳስቶ ነገሩን በ1137 ሥር አስገብቶታል፤ ለቋንቋው ታሪክ ግን ይህ ምንም አይደለም። ንጉሡ ሰዎቹን እስከ መቼ እንዳሰራቸው ሲናገር፣ ምሽጎቻቸውን «ጊቭ አፕ» እስኪያደርጉ ይላል። ዛሬ በትምህርት ቤት የምንሸመድዳት ጥንድ ቃል ያኔውኑ ሙሉ ትርጉሟን ይዛ ተገኘች!

ከዚያ በፊት የነበረው እንግሊዝኛ እንዲህ አልነበረም። ጥንታዊው ቋንቋ ትንሿን ቃል ከግሱ ፊት ይለጥፋት ነበር፤ የዚያ ልማድ ቅሪት ዛሬም «ፎርጊቭ» በሚለው ግስ ውስጥ ይታያል። ኋላ እነዚያ ቅጥያዎች ደከሙ፤ ትንሿ ቃል ከግሱ ኋላ ተሻግራ ጉልበት አገኘች። ብዙ ሊቃውንት በምሥራቅ እንግሊዝ የሰፈሩት ስካንዲኔቪያውያን ለዚህ አግዘዋል ይላሉ፤ ፒተርበሮም ያለችው በዚያው ወገን ነው። ይበልጥ የሚደንቀው ደግሞ የግሱ የመጀመሪያ ድምፅ ነው። መነኩሴው ግሱን የሚጽፈው እንደ አገሬው አነጋገር በ«የ» ድምፅ ነው፤ ዛሬ የምንሰማው «ገ» የመጣው ከሰፋሪዎቹ ቋንቋ ተጽዕኖ ነው ይባላል። በኋላ ከፈረንሳይኛ «ሰሬንደር» የሚለው ቃል ገባ፤ በጦርና በሕግ ቋንቋ ክብሩን ወሰደ። ጊቭ አፕ ግን ከገበያና ከቤት አልወጣም።

ሳሙኤል ጆንሰን በ1755 ባሳተመው መዝገበ ቃላት መቅድም ላይ ለባዕዳን ከሁሉ የሚከብደው ይህ ዓይነቱ ቅንብር መሆኑን ጽፏል። እግዜር ይስጠው፤ ጥፋቱ የእኛ ብቻ አለመሆኑን መስክሮልናል። ስሙ ራሱ፣ «ፍሬዛል ቨርብ» የሚለው፣ በመጽሐፍ ላይ የታወቀው ሎጋን ፒርሶል ስሚዝ በ1925 ባሳተመው ሥራ ነው፤ እሱም ስያሜውን ያገኘው ከመዝገበ ቃላት አዘጋጁ ከሄንሪ ብራድሊ ነው።

እኛም «ሰጠ»ን እንዲሁ አናሳርፈውም። እጅ ሰጠ፣ ተማረከ ነው፤ ፊት ሰጠ፣ አቀበጠ፤ ጆሮ ሰጠ፣ አዳመጠ፤ ጀርባ ሰጠ፣ ሸሸ ወይም ከዳ። እንግሊዙ ግሱን በአቅጣጫ ያዞረዋል፤ ላይ፣ ውስጥ፣ ውጭ እያለ። እኛ ደግሞ በገላችን። በ1611 የታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ የክርስቶስን ሞት ሲተርክ የተጠቀመው ግስ ይኸው ጊቭ አፕ ነው፤ በእኛው የዮሐንስ ወንጌል ቦታው ላይ ያለው «አሳልፎ ሰጠ» ነው፤ የይሁዳም ሥራ የሚጠራበት ያው ቃል!

ስለዚህ የመነኩሴውን ዐረፍተ ነገር ወደ አማርኛ ልመልሰው ስል እቸገራለሁ። «እጅ እስኪሰጡ» እንዳልል እጃቸው አስቀድሞ ታስሯል። «አሳልፈው እስኪሰጡ» ብል ክህደት ይሸታል። «እስኪያስረክቡ» የመጋዘን ቁልፍ ይመስላል። ለጊዜው «እስኪለቁ» ብዬዋለሁ፤ የተሻለ ያለው ወዳጅ ይጻፍልኝ።