ግለሰብ ሻጭ፣ ጥበቃ ያጣ ገዢ፦ የኢንተርኔት ገበያ ዕድገት ከቲራት ካርሜል ሲታይ

በ1981 የወጣው የእስራኤል የሸማቾች ጥበቃ ሕግ በስልክ ወይም በኢንተርኔት ዕቃ የገዛ ሰው፣ ዕቃው በደረሰው በ14 ቀን ውስጥ ግዢውን እንዲሰርዝ ይፈቅድለታል። ዕድሜው 65 ለሞላ፣ ለአካል ጉዳተኛና የአዲስ ገቢነት ሰነዱን ካገኘ አምስት ዓመት ላልሞላው ኦሌ ሐዳሽ (አዲስ ገቢ) ደግሞ፣ ከሻጩ ጋር ተነጋግሮ የገዛ እንደሆነ ጊዜው እስከ አራት ወር ይረዝማል። ንግግሩ በኤሌክትሮኒክ መልእክት ቢሆንም ይቆጠራል። አንቀጹ ቋንቋው ገና ያልገራለትን ሰው የሚያስብ ነው። ከሃይፋ በስተደቡብ ባለችው፣ ቤተ እስራኤላውያን በሚኖሩባት ቲራት ካርሜል ደግሞ እንዲህ ያለ ሰው በየቤቱ አይጠፋም።

ችግሩ ሕጉ የሚይዘው ነጋዴን ብቻ መሆኑ ነው። እንደ ያድ ሽታይምና ፌስቡክ ማርኬትፕሌስ ባሉ የኢንተርኔት መገበያያ መድረኮች የቤቱን ዕቃ የሚሸጥ ግለሰብ ነጋዴ አይባልም። አዲስ የገቡ ባልና ሚስት ለኪራይ ቤታቸው ያገለገለ ፍሪጅ አዩ እንበል። ሻጩ «ሌላ ገዢ እየጠበቀኝ ነው፣ ቀብዱን አሁኑኑ በቢት የክፍያ መተግበሪያ ላኩልኝ» አላቸው። ላኩ፤ ከዚያ ወዲያ ስልኩ አይነሣም። አራት ወሩም ሆነ 14 ቀኑ አይደርስላቸውም። ዕብራይስጥ የሚያነብ ልጅ ቢኖራቸውም፣ ማስታወቂያው ላይ ከስልክ ቁጥር በቀር የሚጨበጥ ነገር የለም። ለጥቂት መቶ ሸቀል ደግሞ ማን ፖሊስ ጣቢያ ይመላለሳል?

ሻጮችን መታወቂያ ጠይቁ ሲባሉ የመድረኮቹ ሙግት የታወቀ ነው፦ ሻጭ ገዢን ይስባል፣ ገዢም ሻጭን፤ መታወቂያ የሚጠይቅ መድረክ ሻጮቹን ለማይጠይቀው ያስረክባል። ሙግቱ እውነትነት አለው፤ የቻይናው የኢንተርኔት ገበያ የታኦባኦ ታሪክ ግን ሌላም ነገር ያሳያል። በ2003 ሲቋቋም ኢቤይን በቻይና ገበያ የተፎካከረው ሻጮችን በነፃ በማስተናገድ ብቻ አልነበረም። የገዢውን ገንዘብ ዕቃው እስኪደርስ በአደራ በመያዝም ጭምር ነበር፤ የክፍያ አገልግሎቱ አሊፔይም ከዚህ አሠራር ተወለደ። ጥበቃው ራሱ ገዢ አመጣ። ኢቤይ በዋናነት የተመካው ገዢና ሻጭ እርስ በርስ በሚሰጡት አስተያየት ላይ ነበር። ሻጮች እየተበቀሉ ገዢዎችን ስላስፈሩ፣ ሻጭ ስለ ገዢ መጥፎ አስተያየት እንዳይሰጥ በ2008 ለመከልከል ተገደደ።

አዲስ አበባ ላይ በቴሌግራም የሚገዛ ሰው «ዕቃውን አይቼ እከፍላለሁ» የሚለው ለዚሁ ነው፤ መድረኩ ያልሰጠውን ዋስትና በራሱ ያበጃል። ቀብድ አስቀድሞ የተቀበለ ሻጭ ግን ይህን ዋስትና ያፈርሰዋል።

የአውሮፓ ኅብረት በ2022 ያወጣው የዲጂታል አገልግሎቶች ሕግ መድረኮች የነጋዴውን ማንነት ሳያጣሩ እንዳያስነግዱት ያስገድዳል። አነስተኛ መድረኮችን ከዚህ ግዴታ ነፃ ማድረጉ ጀማሪውን ስለማያንቅ ተገቢ ነው። ግለሰብ ሻጭን ግን እሱም አይነካም። በእኔ እምነት እስራኤል ጥበቃውን ከሻጩ ማንነት አላቅቃ ከገንዘቡ ጋር ልታስተሳስረው ይገባል፦ ትልቅ መድረክ ላይ የሚከፈል ቀብድ ዕቃው እስኪረከብ በመድረኩ እጅ ይቆይ፤ ማስጠንቀቂያውም ገንዘቡ ከመላኩ በፊት በአማርኛም ይውጣ።