ቸርችል ዳገት ላይ የምትታፈነው ላዳ

እስቲ ቀረብ በሉና ስሙኝ። የማወራችሁ ስለ አንዲት አሮጌ ላዳ ነው። መንገዱን ታውቁታላችሁ፤ ከለገሃር ተነስቶ ጥቁር አንበሳን አልፎ፣ ቴዎድሮስ አደባባይን ዞሮ ማዘጋጃ ቤት ደጃፍ የሚያወጣው ቸርችል ጎዳና ነው። ሜዳ ላይ ደኅና የምትመስል መኪና ገመናዋ የሚገለጠው እዚህ ዳገት ላይ ነው። እግረኛውም ቢሆን ቴዎድሮስ አደባባይ ሲደርስ ቆም ብሎ ትንፋሹን ይሰበስባል።

የላዳዋ ባለቤት የፒያሳ ልጅ ነው። ዶሮ ማነቂያ ተወልዶ ያደገ፣ መኪናዋን ከአባቱ የወረሰ፣ ሲኒማ ኢትዮጵያ አካባቢ ቆሞ ተሳፋሪ ሲጠብቅ የኖረ። ስሙን እንተወውና ባለላዳው እንበለው። የተወለደበት ሰፈር በ2016 ዓ.ም. ፈርሷል፤ ከዚያ ዘመን በእጁ የቀረችው ላዳዋ ናት። ስለዚህ ስትታመምበት የሚጨነቀው ስለ ዕለት ገቢው ብቻ አይደለም።

ላዳ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ አይደለችም። ጣልያኖች ፊያት 124 ብለው የሠሯትን መኪና ሶቪየቶች ወሰዱና ቶሊያቲ ከተማ በተከሉት ፋብሪካ እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ አመረቷት። ቆርቆሮዋን አወፈሩ፤ ለክፉ መንገድ እንድትሆን ከመሬት ከፍ አደረጓት። በደርግ ዘመን ወደ እኛ መጥታ ሰማያዊና ነጭ ተቀባችና የአዲስ አበባ ታክሲ ሆነች። ስንት ሙሽራ፣ ስንት ወላድ፣ ስንት ለቅሶ ደራሽ አመላልሳለች! የ1200ዋ ሞተር 60 የፈረስ ጉልበት ገደማ አላት ይባላል። እውነት ነው፤ ግን የተለካው ዝቅተኛ ቦታ ላይ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ነገሩ ያለዚህ አይገባም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ጅቡቲ ወደብ ላይ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ውኃ እንኳ 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 92 አካባቢ ሲሆን ይፈላል። ሞተር ደግሞ ቤንዚን ብቻ አይበላም፤ አየር ይተነፍሳል። አየሩ ሲሳሳ ጉልበቱ ይቀንሳል። ካርቡራተር ያለው መኪና ላይማ ችግሩ ድርብ ነው፤ ካርቡራተሩ አየሩ መሳሳቱን አያውቅምና ለወደብ አየር የተለካውን ቤንዚን ይሰጣል፣ ቤንዚኑ ይበዛል፣ ካንዴላው ይጠቁራል። በ1900 ዓ.ም. ቤድ ቤንትሊ የተባለው እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነስቶ፣ በረሃውን አቋርጦ ለአፄ ምኒልክ ያደረሳት መኪናም እንጦጦ ሥር ስትደርስ የጠበቃት ይኸው ስስ አየር ነው። ከዚያ ወዲህ አራዳ የወጣ መኪና ሁሉ የሚተነፍሰው ይህንኑ ነው።

ወደ ባለላዳው እንመለስ። አንድ የበጋ ቀን ረጅም ሰልፍ ተሰልፎ ታንኩን ጢም አድርጎ አስቀዳ። ከለገሃር ሦስት ሰው ጭኖ ሽቅብ ወጣ። ቴዎድሮስ አደባባይን እንዳለፈ ላዳዋ ትንፋሽ አጠራት። ነዳጅ ይሰጣታል፣ አትሰማም። ማርሽ ይቀንስላታል፣ ትንሽ ትራመድና እንደገና ትንገታገታለች። ከኋላ ያለው ሚኒባስ ጡሩንባውን ይነፋል። ዳር ይዞ አቆማት፤ ተሳፋሪዎቹም ወርደው በእግራቸው ሄዱ። ጥቂት ቆይቶ ቢያስነሳት ምንም እንዳልነካት ተነስታ ጊዮርጊስ ድረስ ወጣች።

መካሪ መቼም አይጠፋም። አንዱ ካንዴላ ነው አለው፤ አራቱንም ቀየረ። ሁለት ቀን ደኅና ሆነችና በሦስተኛው ታፈነች። ሌላው ካርቡራተሩ ቆሽሿል አለ፤ ተፈቶ ታጠበ። ደኅና ሆነች፣ ደግሞ ታፈነች። ቦቢናው ሲሞቅ ይደክማል ተባለ፤ ቦቢና ተገዛ። በመጨረሻ አንዱ፣ «ሞተሩ አርጅቷል፤ ይውረድ» ብሎ ፈረደባት። ሞተር ማውረድ ማለት ለላዳ ነጂ የወራት ገቢ ማለት ነው።

ልብ በሉ፤ ከየጥገናው በኋላ ላዳዋ ለጥቂት ቀናት የዳነች ትመስል ነበር። ሰውየውን ያሳሳተውም ይኸው ነው። ለምን እንደዳነች ኋላ ላይ ትሰማላችሁ።

ሞተሩን ለማውረድ ቀን በተቆረጠ ጊዜ አንድ የዕድሜ ጓደኛው ወደ ራስ መኮንን ድልድይ አካባቢ ወደሚሠሩ አንድ አዛውንት መካኒክ ወሰደው። ጋሼ በርጩማቸው ላይ እንደተቀመጡ ናቸው። ባለላዳው ኮፈኑን ሊከፍት ሲሮጥ፣ «ተወው፤ አትክፈት» አሉት። «መጀመሪያ ንገረኝ። መቼ ነው የምትታፈነው?»

«ዳገት ላይ ነዋ፣ ጋሼ።»

«ዳገቱን ተወው። ጠዋት በብርዷ ነው ወይስ ከሞቀች በኋላ?»

«ከሞቀች በኋላ።»

«ከቆመችበት ስትነሳ ነው ወይስ እየጎተተች ሳለ?»

«አነሳሷ ምንም አይል። ጎትታ ጎትታ ነው።»

«በአንዴ ጥፍት ትላለች ወይስ እየደከመች ትሄዳለች?»

ባለላዳው ጥቂት አሰበ። «እየደከመች ነው። መጀመሪያ ትሳሳለች፣ ከዚያ ትቆራረጣለች፣ ከዚያ አትሄድም።»

እነዚህ ጥያቄዎች እንዲያው የወሬ ማሟሻ አይደሉም፤ እያንዳንዱ መልስ ግማሽ መኪና ከጥርጣሬ ያወጣል። በብርድ ጠዋት ብቻ የምታስቸግር ብትሆን ኖሮ የአየር መዝጊያው ይጠረጠር ነበር። ከቆመችበት ልክ ነዳጅ ሲሰጧት የምትንቀጠቀጥ ብትሆን ደግሞ ካርቡራተሩ ውስጥ ያለችው ትንሿ የመርጫ ፓምፕ ትጠረጠራለች። እሷን ለማየት ገንዘብ አያስፈልግም፤ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ፊልትሮው ተነስቶ፣ ነዳጅ መስጫው ሲጫን ካርቡራተሩ ጉሮሮ ውስጥ ቤንዚኑ ወዲያው ቀጥ ብሎ መርጨት አለበት። ከዘገየ ወይም ከተንጠባጠበ ላስቲኳ ተቀዷል። በአንዴ ጥፍት ብላ በአንዴ የምትመለስ ብትሆን ነገሩ ወደ ኤሌክትሪክ ያዘነብላል፤ ፑንቲናው ይታያል፣ ክፍተቱ ለላዳ 0.4 ሚሊ ሜትር ገደማ መሆን አለበት። ማታ ጨለማ ውስጥ ኮፈን ተከፍቶ ሞተሩ ሲነሳ ከካንዴላ ገመዶቹ ሰማያዊ ብልጭታ ከታየ ገመዱ እያፈሰሰ ነው። እየደከመች እየሳሳች የምትሄድ ግን አብዛኛውን ጊዜ የምትለው አንድ ነገር ነው፤ ቤንዚን አልደረሰኝም ነው የምትለው።

ጋሼ ካንዴላ አስፈቱና አዩት። በእኛ ከተማ ካንዴላ መጥቆሩ የተለመደ ነው፤ ይህኛው ግን ነጣ ብሎ ነበር። ቤንዚን እያነሰው ለመሆኑ አንድ ተጨማሪ ምስክር ተገኘ። ታዲያ ቤንዚኑ የት ቀረ? ከታንክ እስከ ካርቡራተር ባለው መንገድ ላይ ሊቀር የሚችልበት ቦታ ብዙ ነው፤ የታንኩ ማጣሪያ፣ ቱቦው፣ ፓምፑ፣ የካርቡራተሩ መግቢያ። ሌላ መካኒክ ቢሆን ፓምፕ ግዛ ይል ነበር። ጋሼ ግን ሌላ ጠየቁ።

«ታንኩ ሲሞላ ነው ሲጎድል የሚብስባት?»

ባለላዳው ደነገጠ። «እንዴት አወቁ? ሙሉ ያስቀዳሁ ቀን ነው የምታስቸግረኝ። ቤንዚኑ ነው ብዬ ማደያ ሁሉ ቀይሬ ነበር።»

«ይሄ ነገር ከመጀመሩ በፊት ምን ተሠርታ ነበር?»

«ኧረ ሞተሯ አልተነካም፣ ጋሼ።»

«ስለ ሞተር አልጠየቅኩህም።»

«ቀለም ተቀብታለች። የኋላ ላሜራዋ ዝጎ ስለነበር ተበየደ፣ ስቱኮ ተደረገበት።»

ጋሼ ተነሱ። «ና እንሂድ» አሉ።

ታንኩን አስሞሉ፤ ለገሃር ወርደው ሽቅብ ተመለሱ። ቴዎድሮስ አደባባይን እንዳለፉ ላዳዋ እንደ ልማዷ መሳሳት ጀመረች። ጋሼ ዳር አስያዙና ሞተሩን ሳያጠፋ እንዲቆይ አዘዙት። ወርደው የታንኩን ክዳን ቀስ ብለው ከፈቱ። ፍስስስ! አየር ወደ ውስጥ ሲሳብ ባለላዳው በገዛ ጆሮው ሰማ። ክዳኑን መልሰው ዘጉ፣ ወጡ፤ ላዳዋ ማዘጋጃ ቤት ድረስ አንዴም ሳትቆራረጥ ደረሰች።

የዘይት ቆርቆሮ በአንድ ቀዳዳ ብቻ ሲገለበጥ እንዴት እያቃሰተ እንደሚወርድ አይታችኋል፤ ሁለተኛ ቀዳዳ ሲበሱለት ነው ቀጥ ብሎ የሚፈሰው። ታንክም እንዲሁ ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲወጣ በምትኩ አንድ ሊትር አየር መግባት አለበት። ላዳ ለዚህ የሚሆን ቀጭን የመተንፈሻ ቱቦ አላት፤ ከታንኩ ወጥታ በኋላ ሻንጣው በኩል ትሄዳለች። ላሜራው ሲሠራ የዚያች ቱቦ አፍ በስቱኮና በቀለም ተደፍኗል። ሠሪውም አላስተዋለ፣ ባለቤቱም አላወቀ። ፓምፑ ይስባል፣ አየር አይገባም፣ ታንኩ ውስጥ ባዶነት ይበረታል፣ በመጨረሻ ፓምፑ ያቅተዋል። ከፍታውም የራሱን ይጨምርበታል፤ ግፊቱ ባነሰበት አገር፣ ሞተር አጠገብ በሚያልፍ ትኩስ ቱቦ ውስጥ የሚሳብ ቤንዚን ቶሎ ተኖ አረፋ ይሆናል፤ የላዳ ፓምፕ ደግሞ ፈሳሽ እንጂ ትነት መግፋት አይሆንለትም።

ሙሉ ታንክ ለምን ባሰ? ታንኩ ወደ 40 ሊትር ይይዛል። ጢም ሲል ከቤንዚኑ በላይ ያለው አየር ጥቂት ነው፤ ትንሽ ቤንዚን እንደወጣ ባዶነቱ ይበረታል። ግማሽ ሲሆን በላዩ ብዙ አየር ስላለ ችግሩ ይዘገያል። አሁን ደግሞ ከየጥገናው በኋላ ለምን የዳነች እንደመሰለች ተመልከቱ። ባለላዳው ገንዘቡን ለዕቃ ካወጣ በኋላ ታንክ የሚያስሞላበት አልነበረውም። ጥቂት ጥቂት ያስቀዳል፤ ባስቀዳ ቁጥር ክዳኑ ይከፈታል፤ ክዳኑ ሲከፈት ታንኩ ይተነፍሳል። ያዳናት ካንዴላውም፣ ካርቡራተሩም፣ ቦቢናውም አልነበረም። የኪሱ መጉደል ነበር።

ጋሼ አንዴ አይቶ መፍረድ አይወዱም። በማግስቱ ቱቦውን ሳይነኩ፣ ያንኑ ዳገት ክዳኑን ጥብቅ አድርገው ዘግተው ሞከሩት፤ ተመለሰባት። ከዚያ በኋላ ነው ቱቦዋን በቀጭን ሽቦ ጠርገው፣ በአየር ነፍተው የከፈቷት። የጠየቁት የእጅ ዋጋ ከአንድ ካንዴላ አይበልጥም ነበር። ባለላዳው ክዳኑን አላልቶ መንዳት ይበቃ እንደሆነ ሲጠይቃቸው ተቆጡት፤ ቤንዚን እያፈሰሰ የሚሄድ መኪና በሰው ነፍስ መጫወት ነው አሉት። እኔም ይህን አጥብቄ እላለሁ፤ ክዳን መክፈት መመርመሪያ እንጂ መፍትሔ አይደለም፤ ሲመረመርም እሳትና ሲጋራ ከአካባቢው ይራቅ።

ይህን ሁሉ በዝርዝር የተረክሁት ወድጄ ነው፤ ምክንያትም አለኝ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን እጅግ አስወደደው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ የማይሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተከለከለ። ስለዚህ በየደጃችን ያሉት ካርቡራተር የተሸከሙ ላዳዎች፣ ቮልሶችና ፔጆዎች ምትካቸው በቀላሉ አይመጣም፤ ያሉትን መንከባከብ ግድ ነው። እነሱን በጆሮና በጥያቄ የሚያውቁ መካኒኮች ግን እያረጁ ነው። የፒያሳ ሰፈሮች ሲነሱ ከሰፈሩ ጋር የተበተነው ነዋሪው ብቻ አይደለም፤ የእጅ ባለሙያውም ደንበኛውም ተለያይተዋል። ዛሬ ኮምፒውተር ሰክቶ የሚመረምር ጎበዝ ወጣት ሞልቷል፤ እሰየው፤ ላዳ ግን ኮምፒውተር የሚሰካባት ቀዳዳ የላትም። ወጣቶቹ ከእነዚህ አዛውንቶች ጎን ቁጭ ብለው የአጠያየቁን ሥርዓት ቢማሩ ለአዲሱ መኪናም ይጠቅማቸዋል።

እናንተም አሮጌ መኪና ያላችሁ፣ አደራ የምላችሁ ይህን ነው። ጋራዥ ከመሄዳችሁ በፊት ወረቀት አውጡና ጻፉ፤ ችግሩ መቼ ጀመረ፣ ከመጀመሩ በፊት መኪናው ምን ተሠራ፣ በብርድ ነው በሙቀት፣ ስትነሳ ነው ስትጎትት፣ በአንዴ ነው እየደከመች፣ ታንኩ ሙሉ ነው ጎዶሎ። ወረቀቱን ለመካኒኩ ስጡት። ሳያነብ፣ ሳይጠይቅ ዕቃ ግዙ ካላችሁ ቁልፋችሁን ተቀበሉና ወደሚጠይቀው ሂዱ።