ሳርኮይዶሲስና የመድኃኒት ሕክምናው

ሳርኮይዶሲስ የሰውነት የመከላከያ ሕዋሳት ተሰባስበው ግራኑሎማ የተባሉ ጥቃቅን እብጠቶችን የሚፈጥሩበት ሕመም ነው። በብዛት የሚያጠቃው ሳንባንና በደረት ውስጥ ያሉ የሊምፍ ዕጢዎችን ነው። ብዙ ሕሙማን ያለ መድኃኒት ስለሚሻላቸው ክትትል ብቻ ይደረግላቸዋል፤ ልብ፣ ዐይን ወይም አንጎል ሲነካ ግን ሕክምናው አይዘገይም።

በቅድሚያ የሚታዘዘው ፕሬድኒሶሎን ነው። ለሳንባ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ በቀን ከ20 እስከ 40 ሚሊግራም ተጀምሮ ቀስ በቀስ ይቀነሳል። ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ የደም ስኳርንና ክብደትን ይጨምራል፣ አጥንትን ያሳሳል፤ ሆኖም በድንገት ማቋረጥ አደገኛ ነው። ሌላው አማራጭ ሜቶትሬክሴት በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ይወሰዳል። የጉበትና የደም ምርመራ ያስፈልገዋል፤ ለነፍሰ ጡር አይሰጥም። በእነዚህ ያልተሻለው ሕመምተኛ ኢንፍሊክሲማብ በደም ሥር ሊሰጠው ይችላል።

ሳርኮይዶሲስ በራጅ ሲታይ የሳንባ ነቀርሳን ሊመስል ይችላል። ኢንፍሊክሲማብ ደግሞ በሰውነት ውስጥ ተደብቆ የቆየ ነቀርሳን ሊቀሰቅስ ይችላል። ስለዚህ ነቀርሳ በስፋት ከሚገኝባቸው እንደ ኢትዮጵያ ካሉ አገሮች ሄደው በውጭ የሚኖሩ ሕሙማን፣ ቀድሞ በነቀርሳ ታመው ወይም ከታመመ ሰው ጋር ኖረው ከሆነ፣ መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት ለሐኪማቸው መንገር ይኖርባቸዋል።