ከአገር ቤት በስተቀር

«ይለፍ» የሚለው ቃል በእኛ ጆሮ ሲገባ መጀመሪያ የሚያስታውሰን ኬላን ነው፡፡ የተዘረጋ ገመድ፣ መሣሪያ ያነገተ ዘብ፣ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት፡፡ አውሮፓውያን ግን ወጣትነታቸውን የሚያስታውሱበት ሌላ ዓይነት ይለፍ አላቸው፤ ኢንተርሬል ይባላል፡፡ አንድ ጊዜ ከፍሎ የያዘው ሰው ለተወሰኑ ቀናት ከ30 በላይ በሆኑ አገሮች ባቡር ላይ እንደ ልቡ ይሳፈራል፡፡ እንደ ልቡ የማይሳፈርበት አንድ አገር ብቻ ነው፤ የገዛ አገሩ፡፡

ስለዚህች «በስተቀር» ነው መጻፍ የፈለግሁት፡፡ ባቢሌ ተወልዶ ጀርመን ለሚኖር እንደ እኔ ላለ ሰው «አገርህ የት ነው?» የሚል ጥያቄ በባቡር ትኬት ላይ ተጽፎ ሲመጣ በዋዛ የሚታለፍ አይደለምና፡፡ (ከዚህ በታች ያሉት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፡፡)

ይለፉ የተጀመረው በ1972 ዓለም አቀፉ የባቡር ሐዲዶች ኅብረት 50ኛ ዓመቱን ባከበረበት ጊዜ ነው፡፡ ዕድሜያቸው ከ21 ላልበለጠ ወጣቶች፣ በ21 አገሮች፣ ለአንድ ወር እንዲያገለግል ታስቦ ወጣ፡፡ በውጭ አገር ጉዞው ያለ ተጨማሪ ክፍያ ሲሆን፣ በሚኖሩበት አገር ግን ግማሽ ዋጋ ይከፍሉ ነበር፡፡ ኋላም የዕድሜው ገደብ ተነሣ፤ የአገር ቤቱ ክልከላ ግን በልዩ ልዩ መልክ ቀጠለ፡፡ ከ2016 ወዲህ ጥቂት ላላ፤ ባለ ይለፉ ከአገሩ ሲወጣ አንድ ጉዞ፣ ወደ አገሩ ሲመለስም አንድ ጉዞ ተፈቀደለት፡፡ አንድ አገር ብቻ የሚያስጎበኘው ይለፍ ግን ዛሬም ለዚያው አገር ነዋሪ አይሸጥም፡፡

ምክንያቱ የነጋዴ ምክንያት ነው፡፡ እንግዳ መጥቶ ባዶ ሊሄድ የነበረ ወንበር ላይ ቢቀመጥ ለባቡር ድርጅቱ ትርፍ ነው፡፡ የአገሩ ነዋሪ ግን ይለፍ ኖረውም አልኖረውም ወደ ሥራውና ወደ ዘመዱ መሄዱ አይቀርም፡፡ ሙሉ ዋጋ ከፍሎ እንደሚመጣ ለታወቀ ሰው ቅናሽ ማን ያደርጋል? እንግዳ ይጋበዛል፤ ቤተኛ አይጋበዝም፡፡

ታዲያ ቤተኛው ማን ነው? እዚህ ላይ ወረቀቱ ፓስፖርትን ሳይሆን መኖሪያን ይከተላል፡፡ ከአውሮፓ ውጭ ለሚኖሩ መንገደኞች ከ1959 ጀምሮ ዩሬይል የተባለ ሌላ ይለፍ አለ፡፡ ከአዲስ አበባ ለጉብኝት የመጣ ወንድሜ ይህን ገዝቶ ጀርመንን ከዳር እስከ ዳር ሊዞር ይችላል፡፡ እኔ፣ ያንኑ ፓስፖርት የያዝሁት፣ አልችልም፡፡ በትኬቱ ሕግ ጀርመን አገሬ ናትና! በዕለት ኑሮዬ ከየት እንደመጣሁ የማይጠይቀኝ ሰው ጥቂት ነው፤ የባቡሩ ወረቀት ግን ሳያመነታ ቤተኛ አድርጎኛል፡፡ ቤተኛ ያደረገኝም ሊከለክለኝ ሲል ነው፡፡

ይህ ሁሉ ክልከላ ግን ትርጉም የሚኖረው በአገር ቤት የሚከለከል ባቡር ሲኖር ነው፡፡ ወደ ተወለድሁበት ምሥራቅ ዞር ስል የማገኘው ሌላ ዓይነት «በስተቀር» ነው፡፡

ዐፄ ምኒልክ በ1894 ለኢንጂነር አልፍሬድ ኢልግ የሰጡት የባቡር ፈቃድ መስመሩን ከጅቡቲ ወደ ሐረር፣ ከሐረርም ወደ እንጦጦ የሚያደርስ ነበር፡፡ ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተጀመረ፡፡ ዳሩ ግን ሐረር ያለችው ተራራ ላይ ነው፤ ሐዲዱን ወደዚያ ማውጣት ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ሆነ፡፡ ስለዚህ ባቡሩ በ1902 መጨረሻ ከተራራው ግርጌ ቆመ፤ በዚያም ድሬዳዋ ተቆረቆረች፡፡ በመጀመሪያ የተሰጣት ስም «አዲስ ሐረር» ነበር፡፡ የቀረችውን ከተማ ስም ለተተኪዋ መስጠት ምን ዓይነት ማጽናኛ እንደሆነ አንባቢ ይፍረድ፡፡ ሐዲዱ በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ያህል ሆነ፤ ሐረር ግን ከድሬዳዋ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በተራራዋ ላይ ቀረች፡፡

ባቢሌ ደግሞ ከሐረር በስተምሥራቅ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ጅግጅጋ ከዚያም ወዲያ ናት፡፡ የባቢሌ ሰው ባቡር ለመሳፈር መጀመሪያ ወደ ምዕራብ ወደ ሐረር መውጣት፣ ከዚያ የደንገጎን ቁልቁለት ወርዶ ድሬዳዋ መግባት ነበረበት፡፡ ባቡሩ ቡናውንና ቆዳውን ድንበር አሻግሮ ጅቡቲ ያደርሳል፤ ከባቢሌ ጅግጅጋ የሚያደርስ ባቡር ግን አልነበረም፡፡ በ2016 ተመርቆ በ2018 መደበኛ አገልግሎት የጀመረው የኤሌክትሪክ ባቡርም በድሬዳዋ በኩል ነው የሚያልፈው፡፡ ወደ ውጭ ያስኬዳል፤ ከአገር ቤት በስተቀር፡፡

የሚያስገርመው፣ ሐዲዱ በተጀመረበት በዚያው በ1897 ሐረር ላይ ሌላ ይለፍ ተጽፎ ነበር፡፡ ራስ መኰንን እና የእንግሊዙ መልእክተኛ ሬኔል ሮድ በሰኔ ወር በተለዋወጧቸው ደብዳቤዎች ከእንግሊዝ ሶማሌላንድ ጋር ያለውን ወሰን ወሰኑ፡፡ በዚያው ደብዳቤ በወሰኑ ግራና ቀኝ ያሉ ጎሳዎች ተሻግረው በግጦሹ እንዲጠቀሙ፣ ወደ ውኃ ጉድጓዶቹም በነጻ እንዲደርሱ ተፈቀደ፡፡ በተሻገሩበት ጊዜ የሚገዙት ግን ለዚያው ምድር ባለሥልጣን ነው፡፡ ሐውድ ወደ ኢትዮጵያ አስተዳደር እንዲመለስ በኅዳር 1954 ለንደን ላይ ሲፈረምም ይኸው የግጦሽ መብት ተጠብቆ ነበር፡፡

ደብዳቤዎቹን ማሞገሴ አይደለም፤ የግመሉን ባለቤት አማክሮ የጻፋቸው የለም፡፡ ወሰኑም በኋላ ለ1964ቱና ለ1977ቱ ጦርነት ምክንያት ከሆኑት አንዱ ነው፡፡ ነገር ግን አንድ እውነት ገብቷቸው ነበር፡፡ ለአርብቶ አደር አገር ማለት ዝናብ የጣለበት ነውና፣ ከመሻገሩ በፊት «ቤትህ የት ነው?» ብሎ መጠየቅ ከንቱ ነው፡፡

ወደ ነጋዴው ስሌት ልመለስ፡፡ ቤተኛ አይጋበዝም፣ መምጣቱ አይቀርምና ብለናል፡፡ ይህ ስሌት በጀርመን ይሠራል፤ እኔም ሙሉ ዋጋ ከፍዬ እሳፈራለሁ፣ ሌላ መንገድ የለኝምና፡፡ በእኛ ምሥራቅ ግን አልሠራም፡፡ የጅግጅጋ ነጋዴ ሌላ መንገድ ነበረው፤ በቶጎ ውጫሌ ወደ ሐርጌሳ፣ ከዚያም ወደ በርበራ ወደብ፡፡ ከብቱ በዚያ ወጣ፤ ጨርቁና ሩዙ በዚያ ገባ፡፡ ይህን ንግድ መሐል አገር «ኮንትሮባንድ» ብሎ ስም አወጣለት፤ ኬላም ሠራለት፡፡

እነሆ ቤተኛ ነው ተብሎ ሳይጋበዝ የቀረው ሰው፣ በራሱ መንገድ ሲሄድ ሕገ ወጥ ተባለ፡፡ ሐዲድ ያልተዘረጋለትን ሕዝብ «ለምን በዚያ በኩል ሄድህ?» ብሎ ከመጠየቅ በፊት፣ በዚህ በኩል ምን እንዳዘጋጀንለት መጠየቅ ይቀድማል፡፡