ከቺት ንድፍ ወደ እንሰት ሥዕል

የፍጥረትን መልክ በቀለም መግለጽ በሁለት መንገድ ይሆናል። አንደኛው ለጌጥ ነው፤ ጸሐፊ በብራና መጽሐፍ ራስጌ ሐረግ ሲጥል፣ ሐረጉ የየትኛው ተክል እንደ ሆነ የሚጠይቀው የለም፤ ማማሩ ይበቃዋል። ሁለተኛው ለዕውቀት ነው፤ በዚህኛው ሠዓሊው አንዲት ቅጠል ቢጨምር ወይም ቢያጐድል ሥዕሉ ሐሰት ይሆንበታል። ከፊተኛው ወደ ኋለኛው ከተሻገሩት ሰዎች አንዱ እስኮትላንዳዊው ዋልተር ሁድ ፊች ነው። ዘመኑን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ፊች በ1817 ዓ.ም. በግላስጎው ከተማ ተወለደ። በወጣትነቱም ቺት ከሚታተምበት ቤት ገብቶ የአበባ ንድፍ ማውጣት ተማረ። የቺት አበባ የገዢውን ዐይን ለማስደሰት የሚሣል ነው፤ በጨርቁ ላይ ያለማቋረጥ እንዲደጋገም ሲባል ግንዱ ይታጠፋል፣ ቀለሙም ይለወጣል። በዚያን ጊዜ በከተማዪቱ የዕፀዋትን ትምህርት ያስተምር የነበረው ዊልያም ጃክሰን ሁከር የወጣቱን እጅ ተመልክቶ ወደ ራሱ ወሰደው። በ1834 ዓ.ም. የፊች የመጀመሪያ ሥዕል ሁከር በሚያዘጋጀው በኩርቲስ የዕፀዋት መጽሔት ወጣ። በ1841 ዓ.ም. ሁከር በሎንዶን አጠገብ ላለው ለኪው የአትክልት ቦታ አለቃ ሆኖ ሲሾም ፊችም ተከትሎት ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ትጋቱ ያስደንቃል። ሥዕሉን ለኅትመት በሚያገለግለው ድንጋይ ላይ ራሱ ይሥለው ነበር፤ የታተመው ወረቀትም አንድ በአንድ በእጅ በውሃ ቀለም ይቀባ ነበር። ከሩቅ አገር ደርቆና ተጨማዶ የመጣውን ቅጠል እያየ የሕያው ተክሉን ቁመና መልሶ ያቆመው ነበር። በዕድሜው ወደ 10000 የሚጠጋ ሥዕል አሳተመ።

ከእነዚህ መካከል የአገራችን እንሰት ይገኛል። ጄምስ ብሩስ በ1790 ዓ.ም. ባሳተመው የጕዞ መጽሐፉ ስለ እንሰት ጽፎ ሥዕሉንም ጨምሮ ነበር፤ ተክሉን በአካል ያየ የአውሮፓ ሊቅ ግን ጥቂት ነበር። በ1853 ዓ.ም. በምጽዋ የእንግሊዝ ቆንሲል የነበረው ዋልተር ፕላውዴን ዘሩን ወደ ኪው ላከ። ተክሉ በዚያ አድጎ አበበና በ1861 ዓ.ም. ፊች ሥሎት በመጽሔቱ ታተመ። ጉራጌና ሲዳማ በየጓሮው ተክሎ ቆጮውን የሚመገበው እንሰት ጨርቅ በማስጌጥ ሥራ በተጀመረ እጅ ለዓለም ሊቃውንት ታየ።

የሠራተኛው ዋጋ ነገር ግን መልካም ፍጻሜ አላገኘም። ፊች ለድካሙ የሚከፈለው ከሁከር ከራሱ ኪስ ነበር። አባቱን በ1865 ዓ.ም. የተካው ጆሴፍ ሁከር አስቀድሞ በ1845 ዓ.ም. አንድ የውቅያኖስ ደሴቶች ተክል በሠዓሊው ስም ፊቺያ ብሎ ሰይሞለት ነበር፤ ሆኖም በ1877 ዓ.ም. ሁለቱ በክፍያ ምክንያት ተጣልተው ፊች መጽሔቱንም ኪውንም ተወ። ከ40 ዓመት በላይ የቆየ አገልግሎት እንዲህ ተቋረጠ። ከዚያ በኋላ መንግሥት ጡረታ ቈረጠለት፤ በ1892 ዓ.ም. ዐረፈ።

በዚህ ታሪክ ማስተዋል የሚገባን ነገር አለ። ለተክሉ ስም የሚያወጣለት ሊቅ ነው፤ መልኩን ለማያውቀው የሚያሳየው ግን ሠዓሊ ነው። ብራና ፍቆ፣ ቀለም በጥብጦ መጽሐፍ የጻፈልን ሰው በመጨረሻው ገጽ ስሙን አኑሮ ጸልዩልኝ ማለቱ ከንቱ ውዳሴ ሽቶ አይደለም፤ አንባቢው የእጁን ድካም እንዳይረሳ ነው። ለባለ እጅ በስም ብቻ ክብር ሰጥቶ የዕለት እንጀራውን ማሳነስ ግን ግማሽ ምስጋና ነው።